ለጉና ሰው ሁሉ አንድ ኢሜይል

ሐሙስ፣ ጎሕ ሲቀድ፣ ባሕር ዳር

መናኸሪያው በር ላይ ረዳቶች «ወረታ፣ ደብረ ታቦር! የቀረው ሁለት ሰው!» እያሉ ይጣራሉ። እውነት መስሎኝ ሮጬ ስገባ ሁለት ሰው የቀረው ሳይሆን ሁለት ሰው ብቻ የገባበት ሚኒባስ ነው። ሦስተኛዋ እኔ ሆንኩና ከሹፌሩ ጀርባ ተቀመጥኩ። ከጣና በኩል የሚመጣው ነፋስ በመስኮቱ ክፍተት እየገባ ጆሮዬን ይቆነጥጠኛል። ባጃጆች መብራታቸውን እንዳበሩ ይመላለሳሉ፤ የሻይ ቤቷ ሴት የዳቦ ቅርጫቷን በፕላስቲክ ሸፍና ከተሳፋሪ ተሳፋሪ ትዞራለች።

ወደዚህ መንገድ ያስገባኝ ጉራዬ ነው። በምጽፍበት ጋዜጣ ቢሮ፣ በሻይ ሰዓት፣ ስለ ስልክና ኢሜይል ክርክር ተነሣ። ላላወቀ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። ኢሜይል ስልካችን ላይ የሚደርሰው በሦስት መንገድ ነው። አንደኛውን ፑሽ ይሉታል፤ ደብዳቤው እንደተላከ ሰርቨር የሚሉት ደብዳቤ ጠባቂ ኮምፒውተር ራሱ ስልክዎን ቀስቅሶ «መጣልዎ» ይላል። በሁለተኛው ስልኩ በየሩብ ሰዓቱ ወይም በየሰዓቱ እየሄደ «የመጣልኝ አለ?» ብሎ ይጠይቃል። በሦስተኛው ባለቤቱ በእጁ ካልከፈተው በስተቀር ምንም አይመጣም።

እኔ የፑሽ ሰው ነኝ። «ሌላው ሁሉ የዘገየ ሰው ነው» ብዬ አፌን ሞልቼ ተናገርኩ። ገጽ የሚያቀናብረው ባልደረባዬ «ባትሪ ይበላል፣ ዳታ ይበላል» ሲል ሳቅኩበት። አዘጋጃችን ጣልቃ ገባና «እንግዲያው ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ደጋ ዞረሽ የትኛው እንደሚሻል ጻፊልን» አለኝ። ይኸው በጠዋቱ መንገድ ላይ ነኝ።

ሹፌራችን ጌታነህ ይባላል፤ ጨዋታ የሚወድ፣ መሪውን በአንድ እጁ የሚይዝ የደብረ ታቦር ልጅ ነው። ከጎኔ የተቀመጡት ደግሞ አያ ተገኘ የሚባሉ የጋሳይ ገበሬ ናቸው። ባሕር ዳር ያለ ልጃቸውን ጠይቀው ሲመለሱ ነው። ጋቢያቸውን አጣፍተው ለብሰዋል፤ አንገታቸው ላይ በገመድ የተንጠለጠለች የጨርቅ ከረጢት አለች፤ ውስጧ ትልቅ ስማርት ስልክ አለ። የዓባይን ድልድይ ስንሻገር አወጧት፣ በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጓት፣ መልሰው ከተቷት።

ሐሙስ ጠዋት፣ ሐሙሲት

የገበያ ቀን ነው። አህዮች አስፋልቱን ሞልተውታል፤ ጆንያ፣ የሽንኩርት ቁና፣ እግሯን ታስራ በተንጠለጠለችበት የምትቆጣ ዶሮ። ጌታነህ ጥሩምባውን እየነፋ ትንሽ ከተጋፋ በኋላ ተስፋ ቆርጦ ቁርስ ቤት አጠገብ አቆመ። ፍርፍር አዘዝን። ዋጋው ካለፈው ጊዜ ጨምሯል፤ በርበሬውም አብሮ ጨምሯል።

ሁለተኛ ጉርሻዬን ሳልውጥ ሦስት ስልኮች በአንድ ቅጽበት ጮኹ። የጌታነህ ጠረጴዛው ላይ፣ የአያ ተገኘ ደረታቸው ላይ፣ የአስተናጋጇ ደግሞ ሽርጧ ኪስ ውስጥ። ድምፁ አንድ ዓይነት ነው። የኢሜይል ድምፅ መሆኑን እኔ አላጣውም፤ የእኔ ስልክ ግን ዝም ብሏል።

«ይኸው ደግሞ መጣ» አሉ አያ ተገኘ፤ ስልካቸውን አወጡና አውራ ጣታቸውን አዘጋጁ።

«ምንድን ነው የመጣው?» አልኳቸው።

«እኔ ምን አውቄ ልጄ! ኸስልኩ ጋር አብሮ የተሸጠ ነው። ሲጮህ ይህን የፈረንጅ ፊደል ያመጣል። የሸጠልኝ ልጅ ‹ካልሰረዙት ስልክዎን ይሞላዋል› ብሎኛል። እኔም እሰርዘዋለሁ፤ አንዱንም አሳድሬው አላውቅም።» ይህን ሲሉ ኩራት ይታይባቸዋል።

«እስቲ ከመሰረዝዎ በፊት ልየው» ብዬ ተቀበልኳቸው። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው። የላከው አዲስ አበባ ያለ የሕፃናት የልብ ሕክምና ማዕከል ነው። ጮክ ብዬ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ማንበብ ጀመርኩ።

«ለመሪጌታ ስሜነህ። ለልጅዎ ለሕፃን ወርቅነሽ የልብ ቀዶ ሕክምና ቦታ መያዙን ከዚህ በፊት ጽፈንልዎ ነበር። መልስ አላገኘንም። በሰጡን ስልክ ብንደውልም አልተገኙም። ዛሬ ሐሙስ እስከ 11 ሰዓት ድረስ ወላጅ ካላረጋገጠ ቦታው ለሌላ ሕፃን ይሰጣል።»

ማንበቤን ስጨርስ የጌታነህ ጉርሻ አፉ ውስጥ ቆሟል። «ቆይ፣ እኔም ጋ ያለው እኮ ይኸው ራሱ ነው!» አለና ስልኩን አዞረልኝ። አስተናጋጇም ሰሃኑን አስቀምጣ የእሷን አወጣች። ሦስቱም ላይ አንድ ደብዳቤ፣ አንድ መሪጌታ ስሜነህ፣ አንዲት ወርቅነሽ።

ክው አልኩ። ምን ዓይነት ነገር ነው ብዬ ሳልጨርስ ደግሞ የባሰው መጣ። የሐኪም ቤቱን ስልክ ቁጥር ልገለብጥ እስክሪብቶ ስፈልግ፣ እጄ ላይ እያየሁት፣ ደብዳቤው ጠፋ። ከአያ ተገኘም ስልክ፣ ከጌታነህም፣ ከአስተናጋጇም። ማንም አልነካውም።

«ምን አደረግሽው?» አሉኝ አያ ተገኘ ተቆጥተው።

ምን እንደሆነ ለመረዳት ትንሽ ጊዜ ወሰደብኝ። ብጠይቃቸው ሦስቱም ስልካቸውን የገዙት ደብረ ታቦር መናኸሪያ አጠገብ ካለ ከአንድ ሱቅ ነው። ባለ ሱቁ ለሦስቱም ያስገባላቸው አንድ የኢሜይል አድራሻ ነው። ስለዚህ በዚያ አድራሻ የሚላክ ደብዳቤ ሁሉ ከዚያ ሱቅ የተገዛ ስልክ ሁሉ ላይ ይደርሳል፤ አንዱ ሲሰርዘው ደግሞ ከሁሉም ላይ ይሰረዛል። አሁን የሰረዘው ሰው የት እንዳለ እግዜር ይወቀው። እስቴ ይሁን ነፋስ መውጫ፣ ልክ እንደ አያ ተገኘ የተነገረውን የሚያከብር ንጹሕ ሰው ነው።

አያ ተገኘ ቆባቸውን አወለቁ። «‹ከዚህ በፊት ጽፈን ነበር› ይላል አላልሽም? ያንን የሰረዝኩት እኔ ልሁን?»

 ጌታነህ «የተሰረዘው የሚሄድበት መጣያ የሚባል ቦታ አለው፤ እሱን እንየው» አለ። ከፈትነው። መጣያው ውስጥ ያየሁትን ለማመን ዓይኔን ጠረግሁ። የሐኪም ቤቱ ደብዳቤ እላይ አለ። ከሱ በታች ለቃለ መጠይቅ የተጠራ አካውንታንት። ከሱ በታች ማስተርስ እንድትማር የተፈቀደላት የጤና ባለሙያ። ለፈተና የተመደበ፣ ሰነድ የጎደለው፣ «እባክህ መልስልኝ፣ ምነው ዝም አልክ?» የተባለ። ቁልቁል ብስበው ብስበው አያልቅም። አንድ ዞን ሙሉ ሰው «አልመለሱልኝም» እያለ የሚያዝንበት መልስ ሁሉ እዚያ ተቀብሯል።

ስክሪኑን በራሴ ስልክ ፎቶ አነሣሁትና ለሐኪም ቤቱ ደወልኩ። አንዲት ሴት ጸሐፊ አነሣች። የሆነውን ብነግራት መጀመሪያ የቀለድኩ መሰላት። ከዚያ ድምጿ ተለወጠ። «እኔ ከእርስዎ መቀበል አልችልም። ወላጅ ራሱ መናገር አለበት፤ ልጅቷም እንዴት እንዳለች ሐኪሙ ይጠይቀዋል። አድራሻው ፋርጣ ወረዳ ከሚል በቀር ሌላ የለንም። እስከ 11 ሰዓት አለሁ፤ እባክዎ አግኙት።»

«መሪጌታ ስሜነህን ያውቋቸዋል?» አልኳቸው አያ ተገኘን።

«በጉና ዙሪያ ስሜነህ የሚባል መሪጌታ አንድ አይዶለም ልጄ» አሉ፤ ጉርሻ ሳይደግሙ ተነሡ።

ረፋድ፣ ከወረታ እስከ ዓለም በር

ወረታ ላይ የጎንደሩን መንገድ ትተን ወደ ቀኝ ታጠፍን። የፎገራ ሜዳ ግራና ቀኝ ተዘርግቷል፤ ሩዝ፣ ውሃ፣ ትላልቅ ከብቶች። ሌላ ቀን ቢሆን ስለ ሩዙ ዋጋ ጠይቄ አንድ አንቀጽ እሞላ ነበር። ዛሬ ዓይኔ ሰዓቴ ላይ ነው። ጌታነህም ጨዋታውን ትቶ መሪውን በሁለት እጁ ይዟል፤ ተሳፋሪው ሁሉ ነገሩን ሰምቶ «ንዳው፣ እኛ የትም አውርደን» ይለዋል።

ከዓለም በር በኋላ መንገዱ ሽቅብ ሲጀምር የእኔ ስልክ አሳፈረኝ። ባሕር ዳር ላይ ሙሉ የነበረው ባትሪ ወደ ግማሽ ወርዷል። ኔትወርክ ይመጣል፣ ይጠፋል፤ ፑሹ ደግሞ ግንኙነቱ በተቋረጠ ቁጥር ሰርቨሩን እንደገና ይፈልጋል፤ ስልኩ እጄ ላይ ግሏል። ጌታነህ የራሱን አሳየኝ፤ በየሰዓቱ እንዲጠይቅ የተደረገ ነው፤ ባትሪው እምብዛም አልተነካም። ሐሙሲት ላይ ከሌሎቹ ጋር አንድ ላይ የጮኸው ሰዓቱ ስለገጠመ ብቻ ነው።

«ታዲያ የአያ ተገኘስ?» አልኩት።

«የሳቸው እንደ አንቺው ፑሽ ነው። ባለ ሱቁ ሲሸጥልሽ እንደመጣ ነው የሚሰጥሽ። የአብዛኛው ሰው እንደዚያ ነው።»

ለካ እንዲህ ነው። በፑሽ የሚደርሳቸው ሰዎች ደብዳቤውን ወዲያው ያዩታል፣ ወዲያው ይሰርዙታል። መሪጌታው ስልካቸውን በእጃቸው የሚከፍቱ ከሆኑ ደብዳቤውን መቼም አያገኙትም። እኔ «የዘገየ ሰው» ብዬ የሳቅኩባቸው ዓይነት ሰው ናቸው ማለት ነው። 

አያ ተገኘ ስልካቸውን ወደ ከረጢቷ አልመለሱም። በሁለት እጃቸው ይዘው ይጠብቃሉ። አንድ ጊዜ ጮኸ፤ ሳይነኩት ለኔ አቀበሉኝ። የልብስ ማስታወቂያ ነበር። «ይሰረዝ?» ብለው ጠየቁኝ፤ ይሰረዝ ብላቸውም አልሰረዙትም።

ቀትር፣ ደብረ ታቦር

ደብረ ታቦር ላይ ብርድና ፀሐይ አብረው ይጠብቁናል። ሱቁን አላጣነውም፤ ከመናኸሪያው በር ፊት ለፊት ነው፤ መስተዋቱ ላይ የስልክ ሽፋኖች ተደርድረዋል፤ ድምፅ ማጉያው ይጮሃል። ባለ ሱቁ ሙላት የሚባል ቀጭን፣ ፈጣን፣ «እሺ እናቴ፣ ምን ልርዳ» የሚል ሰው ነው። ነገሩን ስነግረው ድምፅ ማጉያውን አጠፋው።

«ስልኩ አዲስ ሲከፈት ኢሜይል ይጠይቃል፤ ካላስገባህለት አፕ አያወርድም» አለ። «የሚገዛኝ ገበሬ ነው፣ ቄስ ነው፣ ነጋዴ ነው። ለእያንዳንዱ አዲስ ልክፈትለት? ይለፍ ቃሉን ነገ ይረሳዋል፣ ተመልሶ ይመጣብኛል። አንዱን ከፍቼ ለሁሉም አስገባሁ። ይህን የማደርግ እኔ ብቻ መሰልኩሽ እንዴ?»

«ካርቶኑ ላይስ ምን ብለህ ትጽፋለህ?» አለው ጌታነህ።

 መደርደሪያው ላይ ያሉትን ካርቶኖች አየን። ሁሉም ላይ በእስክሪብቶ «የእርስዎ ኢሜይል» ብሎ ያንኑ አድራሻ ጽፎበታል። ለማስታወስ እንዲመች ብሎ በቅንነት ነው የጻፈው። መሪጌታውም ቅጽ ሲሞሉ ከካርቶናቸው ላይ ይህንኑ ገልብጠዋል። ሥራ ፈላጊውም፣ የማስተርሷም።

«ስንት ሰው ጋ ነው ያለው?» አልኩት።

«እኔንጃ።» ላብ ላብ አለው፤ በዚያ ብርድ። «አሁኑኑ እዘጋዋለሁ። ይለፍ ቃሉን ቀይሬ ሁሉንም አጠፋዋለሁ» ብሎ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ።

ጮህኩበት። እኔ ሱቅ ውስጥ የምጮህ ሰው አልነበርኩም። «እንዳትነካው! መጣያው ውስጥ የሰው ሕይወት አለ!» አያ ተገኘ በዱላቸው ጠረጴዛውን መቱ፤ ሙላት እጁን አነሣ።

ያን ጊዜ ነው ጌታነህ ጉንጩን እያከከ ያሰበው። «ቆይ እስቲ። ይህ ነገር ሁሉም ሰው ጋ ይደርሳል። እኛስ ለምን አንጽፍበትም?»

ወዲያው ስልኬን አወጣሁ። ከራሴ ኢሜይል ወደዚያ አድራሻ በአማርኛ ጻፍኩ። ርዕሱ ላይ «አትሰርዙት፤ የሕፃን ነፍስ ነው» አልኩ። ከታች፦ «ፋርጣ ወረዳ የሚኖሩ፣ ልቧን የታመመች ወርቅነሽ የምትባል ልጅ ያለቻቸውን መሪጌታ ስሜነህን የምታውቁ፣ ሐኪም ቤት ቦታ ይዞላቸዋልና ዛሬ ከ11 ሰዓት በፊት ድረሱላቸው። በዚሁ መልሱልን።» ላክሁት።

ሱቁ ውስጥ የአያ ተገኘና የሙላት ስልኮች ጮኹ። በሩ ላይ የቆመ ሰው ኪሱን ነካ። ከመንገዱ ማዶ ባጃጅ ውስጥ የተቀመጠው ሹፌር ስልኩን ወደ ዓይኑ አስጠጋ። ድንች የምትሸጠው ሴት፣ ጥላ የያዙት ቄስ፣ ከባንክ የሚወጣው ሰው፤ አንድ ጎዳና ሙሉ ሰው ቆሞ ስልኩን ያያል።  ሙላት ደጁ ላይ ወጥቶ ሁለት እጁን ራሱ ላይ አድርጎ «ወይኔ፣ ወይኔ» ይላል።

መልስ ይጎርፍ ጀመር፤ ሁሉም ከአንድ አድራሻ። «ማን ነህ?» «የኛ መሪጌታ ስሜነህ ሽማግሌ ናቸው፣ ሕፃን የላቸውም።» «ሰርዤው ነበር ይቅርታ።» «ስልኬ ውስጥ ምን ትሠራላችሁ?» አንዱ ደብዳቤዬን በልማዱ ሰረዘው፤ መልሼ ላክሁት። ሌላው ደግሞ ስለ ጤፍ ዋጋ ጠየቀ። ከዚያ ይህ መጣ፦

«አውቃቸዋለሁ። ከጋሳይ ወደ ጉና ሲወጣ ያለው ገብርኤል ነው የሚያስተምሩት። እኔ የደብሩ ገበዝ ነኝ። ስልክ የሚሠራበት ጉብታ ላይ ነኝ፤ ወርጄ እነግራቸዋለሁ።»

ከቀትር በኋላ፣ ከጋሳይ በላይ

ጌታነህ ተሳፋሪዎቹን አውርዶ፣ ስምሪቱን ትቶ፣ ባዶውን ሚኒባስ ወደ ጋሳይ ነዳ። ስለ ሒሳብ ልጠይቀው ስል «ዝም በይ እህቴ» አለኝ። የጉና ተራራ ጭጋግ ተከናንቧል። ገብሱ አረንጓዴ ነው፤ የድንቹ ማሳ አጠገብ ጋቢ የለበሱ ሰዎች ቆመው እጃቸውን ያወዛውዙልናል። አንዱ ስልኩን ከፍ አድርጎ «ለመሪጌታው ናችሁ? ቀጥሉ፣ ቀጥሉ!» ይላል። ቀጥሎ ያለው ሰውም እንዲሁ። መንገድ መጠየቅ አላስፈለገንም።

መኪና የሚሄድበት መንገድ ሲያልቅ ከዳገቱ ላይ ብዙ ሰው ሲወርድ አየን። ከፊት አንድ ጥምጣም የጠመጠሙ ረጅም ሰው ልጅ ታቅፈው ይመጣሉ። ልጅቷ ሰባት ስምንት ዓመት ትሆናለች፤ ሰፊ ሹራብ ለብሳለች፤ ከንፈሯ ጠቆር ብሏል፤ ስትተነፍስ ትከሻዋ አብሮ ይነሣል። መሪጌታው እኛ ጋ ሲደርሱ መጀመሪያ ሰላምታ አልሰጡም። «እውነት ነው?» አሉ።

«እውነት ነው የኔታ» አላቸው ጌታነህ።

ስልካቸውን ከካባቸው ሥር አወጡ። ዳታው ጠፍቷል። «ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ስወጣ ደብረ ታቦር ላይ እከፍተዋለሁ። ከጥምቀት ወዲህ አንድ ቅዳሜ አልዘለልኩም። ባዶ ነው። አልፈለጉንም ብዬ ለእናቷ ነገርኳት፤ ሁለተኛ አትጠይቂኝ አልኳት።» የልጅቷን ሹራብ ሳብ አድርገው አስተካከሉ። እኔ እንባዬን አልቻልኩትም፤ ምን ልደብቅ።

አያ ተገኘ ቆባቸውን ይዘው ወደፊት መጡና ተንበረከኩ። «የኔታ፣ ይፍቱኝ። የመጀመሪያውን ደብዳቤ የሰረዝኩት እኔ ነኝ መሰለኝ።»

መሪጌታው ልጅቷን ወደ ግራ ክንዳቸው አዛወሩና በቀኛቸው የአያ ተገኘን ትከሻ ያዙ። «ሁሉም ጋ ከደረሰ ማን እንደሰረዘው በምን ይታወቃል? ተነሡ፣ ተነሡ። ይልቅ እንደውልላቸው።»

የእኔ ስልክ ባትሪው አልቆ ጠፍቷል፤ ፑሽ የሚሉት ጉድ ጨርሶታል። በአያ ተገኘ ስልክ፣ ገበዙ ካሳየን ጉብታ ላይ ሆነን ደወልን። ጸሐፊዋ ገና ቢሮዋ ነበረች። መሪጌታው ስማቸውን ተናገሩ፤ የሐኪሙን ጥያቄ አንድ በአንድ መለሱ፤ ወርቅነሽም «ስትሮጪ ይደክምሻል?» ስትባል «አልሮጥም እኮ» ብላ መለሰች። ቦታዋ ተረጋገጠ። ዳገቱ ላይ የቆመው ሰው ሁሉ እልል አለ። እኔም አብሬ እልል አልኩ።

እልልታው ሳይበርድ ጸሐፊዋ «ቆዩ፣ አትዝጉት» አለች። ስልኩ ድምፅ ማጉያ ላይ ስለነበር ሁላችንም ሰማን።

«በዚሁ አድራሻ ሌላ ሕፃን ተመዝግቦ አገኘሁ። ይታያል የሚባል የክምር ድንጋይ ልጅ ነው። ለሱም ስንጽፍ ነበር፤ መልስ የለም። የሰጡን ስልክም አይሠራም። የሱ ቦታ ካለፈ ቆይቷል። የወርቅነሽን ቦታ ይጠብቅ የነበረ ሌላ ተረኛ ስላለ የሱን ተራ አልነካም፤ ግን በእንግድነት የመጡት ሐኪሞች ከመሄዳቸው በፊት አንድ ቦታ ልለምንለት እችላለሁ። ችግሩ ልጁ በሕይወት ይኑር አይኑር አናውቅም።»

እልልታው ቆመ። መሪጌታው ልጃቸውን ጭምቅ አድርገው ያዟት። አያ ተገኘ ስልኩን አፍጥጠው ያዩታል፤ የክምር ድንጋዩንም ደብዳቤ ሲሰርዙ ራሳቸውን እያዩ እንደሆነ ገባኝ።

«ጻፊ ልጄ» አሉኝ መሪጌታው። «አሁኑኑ ለሁሉም ጻፊ።»

በመሪጌታው ስልክ ዳታውን አብርቼ ጻፍኩ፤ ወርቅነሽ ቦታ ማግኘቷን፣ የይታያልን ስም፣ የክምር ድንጋይን ስም፣ አትሰርዙት የሚለውን። ላክን፤ ጠበቅን። ፀሐይ ወደ ፎገራ በኩል ወረደች። ስለ ወርቅነሽ «እንኳን ደስ ያላችሁ» የሚል መልስ ከየቦታው መጣ። ስለ ይታያል ግን ማንም አልጻፈም። ሙላት በዚህ መሐል ለጌታነህ ደውሎ «አሁን ልዝጋው?» ቢል መሪጌታው ስልኩን ተቀብለው «ልጁ ሳይገኝ ብትዘጋው እኔና አንተ አንተዋወቅም» አሉት።

ዓርብ፣ ወደ ባሕር ዳር ስንመለስ

ጠዋት ወርቅነሽና አባቷ ከእኛ ጋር ሲሳፈሩ አያ ተገኘ አልነበሩም። ቤታቸውም አልገቡም። ገበዙ እንደነገረን ጎሕ ሳይቀድ አስፋልቱ ላይ ወጥተው ወደ ክምር ድንጋይ በሚሄድ የጭነት መኪና ተሳፍረዋል። «ደብዳቤ የጠበቅሁት ይበቃኛል፤ አሁን በእግሬ እጠይቃለሁ» ብለዋል።

አዘጋጄ ደብረ ታቦር ላይ ደወለልኝ። «እሺ፣ የትኛው ይሻላል?» አለኝ። ምን ልበለው? ፑሽ ፈጣን ነው፤ ግን የደረሰው እጅ የማን እንደሆነ ካላወቁት ፍጥነቱ የጥፋት ፍጥነት ነው። በየሰዓቱ የሚጠይቀው ለጉና ባትሪ ይስማማል። በእጅ የሚከፈተው ደግሞ ሰው የየራሱ አድራሻ ካለው ምንም አይለውም፤ ከሌለው ግን ባዶ ሣጥን ሲከፍቱ መኖር ነው። ይህን ሁሉ ነገርኩትና «ዋናው ግን የትኛው አይደለም፤ የማን ነው» አልኩት። «ምን ማለት ነው?» አለኝ። እጽፍልሃለሁ ብዬ ዘጋሁት።

ለመሪጌታው መኪናው ውስጥ የራሳቸውን አዲስ ኢሜይል ከፈትኩላቸው። በየትኛው እንዳደርግላቸው ብጠይቃቸው «ቅዳሜ ቅዳሜ ለምጄዋለሁ» አሉ። አሁን ሐኪም የሚጽፍልዎ ሰው ነዎትና በፑሽ ይሁን አልኳቸው፤ ባትሪ መሙያዬንም ሰጠኋቸው። አሮጌውን አድራሻ ግን ከስልካቸው እንዳነሣ አልፈቀዱም። ወርቅነሽ ራሷን ጉልበቴ ላይ አድርጋ ተኝታለች። ትንፋሿን ስቆጥር ጣና በመስኮቱ ብቅ አለ።

የዓባይ ድልድይ ላይ ስንደርስ የመሪጌታው ስልክ ጮኸ። የጌታነህም ቆይቶ ተከተለው። ጌታነህ ድልድዩን ተሻግሮ ጥጉን ይዞ አቆመ። መሪጌታው መነጽራቸውን አድርገው መጀመሪያ በልባቸው አነበቡት፤ እኔ ፊታቸውን ለማየት አልደፈርኩም። ከዚያ ጮክ ብለው አነበቡት። ለሁሉም ሰው እንዲደርስ በአሮጌው አድራሻ የተላከ ነው።

«ይህን ያስጻፍኩት የጋሳዩ ተገኘ ነኝ። ማንም አይሰርዘው። ይታያልን አገኘሁት። አለ። ቆሎ እየበላ ነው።»